ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ሦስት ስሞች፣ አንድ አባት

በአገራችን ሰው ሲያርፍ ሥርዓተ ቀብሩ ከመፈጸሙ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። በሰበታም ሆነ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ሆነ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በተጂ፣ ለቀስተኛው ጃንጥላውን ዘርግቶ ወይም ነጠላውን ዘቅዝቆ ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት በጸጥታ ያዳምጣል። አጻጻፏ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ፊደል ቆጠሩ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት አገለገሉ፤ ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ የዕድሩ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ለተቸገረ ደራሽ፣ ለተጣላ አስታራቂ ነበሩ። ከዚያም ነፍስ ይማር ተብሎ ወረቀቷ ትታጠፋለች።

ይህችን ወረቀት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብዙም ከቁም ነገር አይቆጥሯትም። እኔ ግን ትልቅ መስፈርት የያዘች ትመስለኛለች። ዜና መዋዕሎቻችን ሰውን የሚለኩት በዘመተበት ጦርነት፣ በተሾመበት ሹመትና በወረሰው ርስት ነው። የቀብር ወረቀቷ ግን ሁለት ነገሮችን ብቻ ትጠይቃለች። ለቤቱ ምን ነበር? ለጎረቤቱስ ምን ነበር? የዕድር ሰብሳቢውም ሚኒስትሩም በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ፊት እኩል ይቆማሉ።

በዚህ መለኪያ ሊታወሱ የሚገባቸውን አንድ ሰው ላነሣ ወድጃለሁ። ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አይጠፋም፤ ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ከሰውዬው ሕይወት ውስጥ ምናልባት ትንሹ ነገር እርሱ ነው። እኒህ ሰው አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

* * *

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ፤ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ፣ አቃጠለ፣ ወደ ባሕርም ተመለሰ። ይዞት ከሄደው ነገር መካከል ስለ ብራና መጻሕፍቱ፣ ስለ ዘውዱና ስለ ጽዋዎቹ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ከዕቃዎቹ ጋር ልጆችም እንደ ሄዱ ግን ብዙ ጊዜ አናስታውስም።

ከእነርሱ አንዱ የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነበር። ልዑሉ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፤ በታወቁ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ በ1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ። ዐፅሙ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ይገኛል። በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጥያቄ በቀረበ ጊዜም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። ልዑሉ አልተመለሰም።

ሁለተኛው ልጅ የማንም ልዑል አልነበረም። በጎንደር የተወለደ፣ በዚያን ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት የማይበልጥ፣ በጦርነቱ ግርግር ከወላጆቹ የተለየ ሕፃን ነው። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ከጦሩ ጋር ወደ ሕንድ ወሰደው። በኋላም ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የማሳደጊያውንና የትምህርቱን ወጪ ቻለ። እንግዲህ ሕፃኑ ከመጀመሪያው የግል ስሙን፣ ከሁለተኛው የቤተሰብ ስሙን ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እናትና አባቱ ያወጡለት ወርቅነህ የሚለው ስም፣ ከአማርኛው ጋር፣ ከአእምሮው እየደበዘዘ ሄደ።

ልዑሉን ዓለም አወቀው፤ አገሩ ግን ዳግመኛ አላየችውም። ስም የለሹን ሕፃን ማንም አላወቀውም፤ እርሱ ግን ተመለሰ። የእኒህን የሁለት ልጆች ዕጣ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ለታሪክ አንባቢ ብዙ የሚነግረው አለ። አገርን የሚጠቅመው የደም ሐረግ ነው ወይስ የተመለሰ ልብ?

* * *

ልጁ በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን አሳድጎ፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገለ። ደመወዙ የተሟላ፣ ማዕረጉ የተከበረ፣ ጡረታው የተረጋገጠ ነበር። እዚያው ቢቀር ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ቤተሰቡን የማያውቅ፣ ቋንቋውን የማይናገር ሰው ወዴት ይሂድ?

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ያ ወሬ ለብዙ ጥቁር ሕዝቦች ያደረገውን ለዶክተር ማርቲንም አደረገ፤ የተወለደበት ምድር ስም እንዳለው ነገረው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዘይላና በሐረር በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ድንኳን ተክሎ ሕመምተኞችን ማከም ያዘ። በአስተርጓሚ ይጠይቃል፤ በአስተርጓሚ ይመልሳል።

ከባሕር ማዶ የመጣ፣ መልኩ የኛ፣ አንደበቱ የፈረንጅ የሆነ ሐኪም መኖሩ በከተማይቱ ተሰማ። ወሬው አያቱ ዘንድ ደረሰ። ባልቴቲቱ መጥተው በሰውነቱ ላይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የነበሩትን ጠባሳዎች ምልክት አድርገው አወቁት። የጠፋው ልጅ ወርቅነህ ይህ ነው አሉ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀብሮ የኖረ ስም በአንዲት አሮጊት ምስክርነት ከመቃብር ወጣ።

በአገራችን ጠባሳ የውርደት ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የመታወቂያ ወረቀት ነው። በወርቅነህ ዘንድ ደግሞ ጠባሳው ከፓስፖርት ይልቅ የታመነ ማስረጃ ሆነ። በኪሱ ያለው ወረቀት ቻርልስ ማርቲን ነህ፣ የብሪታንያ ንጉሠ ነገሥት ተገዢ ነህ ይለዋል። ቆዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የእሸቴ ልጅ ነህ ይለዋል።

ሦስተኛውን ስም ያወጣለት ሕዝቡ ነው። ወላጆቹ ወርቅነህ አሉት፤ ወታደሮቹ ቻርልስ ማርቲን አሉት፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የተሰለፈው ሕመምተኛ ሐኪም አለው። እስከ ዕለተ ሞቱ የተጠራበት፣ ከሞተም በኋላ የምንጠራበት ይህ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ይገባናል።

* * *

ሐኪም ወርቅነህ ወዲያው ጠቅልለው አልገቡም። በ1893 ዓ.ም. በኦጋዴን በኩል በተደረገው ዘመቻ በሐኪምነት ተሰልፈው ነበር፤ ከዚያም ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት እንደገና መጥተው፣ ሕመም የጸናባቸውን ዳግማዊ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። አምስት ዓመት ያህል ቆይተው ዳግመኛ ወደ በርማ ሄዱ። ጡረታቸውን አስከብረው ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ነው።

በዚህ መመላለስ ምክንያት ብዙ ሰዎች ጠርጥረዋቸዋል። በቤተ መንግሥቱ አካባቢ የእንግሊዝ ሰው ናቸው የሚሏቸው አልጠፉም፤ በእንግሊዞችም ዘንድ ልባቸው ከኢትዮጵያ ጋር ነው የሚል ጥርጣሬ ነበረ። ይህን ደብቆ ማለፍ ለመታሰቢያቸው የሚበጅ አይመስለኝም። ሰውዬው የቅኝ ገዢ መንግሥት ደመወዝ እየበሉ አድገዋል፤ የሌላውን ሕዝብ አገር ለያዘው መንግሥት አገልግለዋል። ሁለት አገር ያላቸው ሰዎች ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይጠረጠራሉ። ዛሬ በስደት ዓለም የሚኖረው ወገናችን ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ባዕድ፣ እዚህ ደግሞ ዳያስፖራ ይባላል። የወርቅነህ መልስ ክርክር አልነበረም፤ ሥራ ነበር።

ከሥራው በፊት ግን ስለ ቤታቸው ልናገር። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አገቡ፤ ቤቱ ከአሥር በሚበልጡ ልጆች ተሞላ። ለዚያ ዘመን ብዙ ልጅ መውለድ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቅ የነበረው አባትየው ስለ ልጆቹ ያሰበው ነገር ነው። ሹማምንቱ ልጆቻቸውን ለጦርና ለግብር ሲያሠለጥኑ፣ ሐኪም ወርቅነህ የራሳቸውን ልጆች ወደ ባሕር ማዶ ልከው የእጅ ሙያና ምህንድስና እንዲማሩ አደረጉ። ብረት መቀጥቀጥና እንጨት መጥረብ የተናቀበት፣ ባለሙያው ቡዳ እየተባለ የሚሸሽበት ዘመን መሆኑን አንርሳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአዛዥ ልጅ መሐንዲስ ይሁን ማለት የጨዋነትን ትርጉም መለወጥ ነበር።

ሰውዬው ራሳቸው ቤተሰብ አልባ ሆነው ያደጉ ናቸው። ሁለት መኮንኖች እንደ ቸርነት ያሳደጓቸው ሕፃን፣ በእርጅና ዘመናቸው ትልቅ ማዕድ ዘርግተው ዙሪያውን በልጆች ሲሞሉ ማየት ግሩም ነው። ያጡትን ነገር ለሌላው መስጠት የሚችሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚሰጠው የተቀበለውን ነው፤ እርሳቸው ያልተቀበሉትን ሰጡ።

* * *

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንሂድ፤ ጎረቤት ስል አገር ማለቴ ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቀጥሎ በአዲስ አበባ የቆመ ታላቅ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው። የአልጋ ወራሽ ተፈሪ ምርጫ ያረፈው በሐኪም ወርቅነህ ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤቱን በበላይነት እንዲመሩ ተሾሙ። ከዚህም ሌላ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል፤ በእንግሊዞች እጅ ያደገው ሰው የአገሩ ሰው በፈረንጅ ፊት እንዳይበደል በችሎት ተቀመጠ። በአማርኛ የዓለምን ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍም አሳትመዋል። አማርኛን በጎልማሳነታቸው እንደገና የተማሩ ሰው በአማርኛ መጽሐፍ ጻፉ ማለት ነው።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተላኩ። ጉዳዩ የጣና ሐይቅ ግድብ ነበር፤ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ወሬው ሎንዶንን አስደነገጠ፤ እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ያደረጉትን የዓባይ ስምምነት ይጠቅሱ ነበርና። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። በዓባይ ወንዝ ላይ ትልቁ ግድብ ተመርቆ የታየው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ስለ ዓባይ ውሃ ከሩቅ አገር መሐንዲሶች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ከተዋዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ከመቅደላ ፍርስራሽ የተነሣው ሕፃን እንደ ነበረ ማስታወስ ደግ ነው። በዚያው ጉዞ በኒው ዮርክ ሃርለም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ሙያ ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የእኒህን ሰው ልብ የሚያሳየው ሌላ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር። አዋጁ ወጣ። አዋጅ ግን ሰንሰለት ይፈታል እንጂ እንጀራ አያበላም። ነፃ የወጣው ሰው ዘመድ የለው፣ መሬት የለው፣ ሙያ የለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ጌታ ደጅ ይመለስ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ከወጣት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው፣ ፍቅርና አገልግሎት በተባለው ማኅበር አማካይነት፣ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

የማኅበሩን ስም ልብ በሉልኝ። ፍቅርና አገልግሎት። በዚያ ዘመን የኛ ሰው ዕድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ ያውቃል፤ እነዚህ ሁሉ ግን በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚደረጉ ናቸው። እኔ ቀብርህን እቀብራለሁ፣ አንተም ቀብሬን ትቀብራለህ። ነፃ የወጣ ባሪያ ልጅን ማስተማር ግን ብድር የማይመለስበት ነገር ነው። የልጁ አባት የማኅበሩ አባል አይደለም፤ ለቀብርህም አይደርስም። ሐኪም ወርቅነህ የዕድርን መንፈስ ወስደው ከመንደር አጥር ውጭ አወጡት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለምን ቢባል፣ ቤተሰብ የሌለው ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ በመጽሐፍ ያነበቡት አልነበረም።

* * *

ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፤ መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ናት። ከተማይቱን የቆረቆሩትና ጨርጨርን ቀደም ብለው ያስተዳደሩት ሌላው የዘመኑ ምሁር፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጨርጨር የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ፣ ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አውራጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ መንገድ አሠሩ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በውጭ አገር ተምረው በአዲስ አበባ ሥራ ያላገኙ ወጣቶችን ሰብስበው በጽሕፈት ቤቶቻቸው አሠማሩ። ገበሬው የሚከፍለው ነገር የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን ደከሙ።

ዛሬ ይህ ቀላል ይመስላል። የታወቀ ግብር ማለት ግን ገበሬው በማለዳ ሲነቃ የዛሬው ሹም ምን ይጠይቀኝ ይሆን ብሎ አይሰጋም ማለት ነው። ሐኪም ሰው ይህን ጉዳይ እንደ ሐኪም አይቶት ይሆናል፤ ከበሽታው ይልቅ የሚገድለው በሽታው መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ ነውና።

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ተላኩ። ዕድሜያቸው ሰባ ሆኗል። ከፊት ያለው ጦርነት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አልሸጥም ባለበት ጊዜ፣ ይህም መሣሪያ ፋብሪካ ያላትን ጣሊያንን ሳይሆን ምንም የሌላትን ኢትዮጵያን በጎዳበት ጊዜ፣ ሽማግሌው በየጋዜጣው ጻፉ፤ በየስብሰባው ተናገሩ፤ ለቁስለኛ መድኃኒትና ገንዘብ ለመኑ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ማዝነቡን ለእንግሊዝ ሕዝብ አሰሙ። ከረዷቸው ሰዎች አንዷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበረች። ጣሊያኖች አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣዋን ለዓለም አቀረበች። በቀጣዩ ወር ማብቂያ ንጉሠ ነገሥቱ ስደተኛ ሆነው ሎንዶን ሲገቡ ከተቀባዮቻቸው መካከል ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ።

* * *

እዚህ ላይ የአባትነቱ ታሪክና የአገሩ ታሪክ በአንድ ቢላዋ ይቆረጣሉ።

በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ብንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ በዚህ ጊዜ አገር ቤት ነበሩ። አባታቸው በሚኒስትርነት በሚኖሩበት አገር መሸሸግ ይችሉ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። እነርሱ ግን ወደ ጥቁር አንበሳ ማኅበር ገቡ። ጥቁር አንበሳ ከቡራዩ ባሻገር ባለችው በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች በነቀምቴ ያቋቋሙት የአርበኞች ድርጅት ነው፤ ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የራሱ ሕገ ደንብ ነበረው፤ የጦር አዛዡ ከሲቪሉ አመራር በታች እንዲሆን፣ ምርኮኛ እንዳይበደል፣ አባላቱም አገር ጥለው እንዳይሰደዱ ይደነግጋል። በኋላም ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተቀላቀሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ራስ እምሩ በጠላት ተከበው እጃቸውን ሲሰጡ፣ ከእርሳቸው ጋር የነበሩት ወጣቶችም ተማረኩ።

ሁለት ወር ገደማ አለፈ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀን ታረደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው አኃዝ 30 ሺህ ነው። ከዚያም በስም እየተፈለጉ የተማሩት ወጣቶች ተገደሉ። ከእነርሱ መካከል ብንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ነበሩ።

በመቅደላ ሕፃኑን ከወላጆቹ የለየው የአውሮፓ ጦር ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሌላ የአውሮፓ ጦር አባትን ከልጆቹ ለየ። በመጀመሪያው ወላጁን ያጣው፣ በሁለተኛው ልጆቹን ያጣው ያው አንድ ሰው ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን እርሱ ራሱ ለአገሩ የሠራበት ዘመን ነበር።

ፋሽስቶች ማንን እንደሚገድሉ ያውቁ ነበር። መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ አስተማሪና ጸሐፊ ለማፍራት ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ ለማጥፋት አንድ ሳምንት ይበቃል። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ ባለሙያ ስታጣ፣ ሁሉን ነገር ከውጭ በመጡ አማካሪዎች ስታሠራ፣ የጎደለው ነገር የት እንደ ተቀበረ ለማወቅ የየካቲትን ሙታን መቁጠር ይበቃል። ለሐኪም ወርቅነህ ግን የተጎዳው የተማረ ኃይል አልነበረም፤ ብንያምና ዮሴፍ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ምሁራኑ ትውልድ መጨፍጨፍ ስንጽፍ፣ ያ ትውልድ እያንዳንዱ የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጅ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

* * *

ሐኪም ወርቅነህ ከሎንዶን ወጥተው ወደ ሕንድ ሄዱ። በምርኮ ልጅነት ያሳደገቻቸው ምድር በስደተኛ ሽማግሌነት መልሳ ተቀበለቻቸው። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ1945 ዓ.ም. ሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ለረጅም ዘመን በእንግሊዝኛ የጻፉት የዕለት ማስታወሻቸው በቤተሰባቸው እጅ ተጠብቆ ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ምንጭ ሆኗል። አማርኛቸው በጎልማሳነት የተማሩት ነውና ለራሳቸው የሚያወሩት በሌላ ቋንቋ ነበር። ልባቸው ግን የትኛው ቋንቋ ይናገር እንደ ነበር በሥራቸው ታውቋል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አሁን ያችን የአንድ ገጽ ወረቀት በእርሳቸው ስም እንጻፍ ብንል ምን እንላለን? ከአባታቸው ከእሸቴ በጎንደር ተወለዱ ብለን እንጀምራለን። ወዲያው ግን ብዕራችን ይሰናከላል፤ ፊደል የቆጠሩት በባዕድ አገር፣ ያሳደጓቸው አገራቸውን የወጉ ወታደሮች ናቸው። ትዳር መሥርተው ልጆች አፈሩ ስንል ከልጆቹ ሁለቱ ከአባታቸው ቀድመው ወደቁ ብለን መጨመር አለብን። ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ የሚለው የተለመደ ቃል ግን፣ በብዙ ቀብር ላይ በይሉኝታ የሚነበበው ቃል፣ እዚህ ላይ አንዲት ፊደል ሳትቀነስ እውነት ይሆናል።

ለእኒህ ሰው ትልቅ ሐውልት ይቁም ብዬ አልከራከርም። ሐውልት ለጎራዴ ይስማማል፤ ለማስተማርና ለማከም፣ የታወቀ ግብር ለመደንገግና ዘመድ ለሌለው ልጅ ዘመድ ለመሆን አይስማማም። እነዚህ ሥራዎች የሚታወሱት ሲደገሙ ብቻ ነው። ዛሬም በከተሞቻችን ዙሪያ በጦርነትና በመፈናቀል ምክንያት ከወላጆቻቸው የተለዩ፣ ስማቸውን እንኳ በትክክል የማይናገሩ ሕፃናት አሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ወርቅነህ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ ሁሉንም ማስተማር ግድ ነው።